በሽታውን ከበር ለመመለስ

ቢሾፍቱ ውስጥ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አረባለሁ። ከተማችን በሐይቅ የተከበበች ናት። ክረምቱ ሲወጣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሱ ወፎች ሐይቆቹና ጨለለቃ ረግረግ ላይ ያርፋሉ። በጋውን እዚሁ ያሳልፋሉ። የዶሮ እርባታውም እዚሁ አጥር ለአጥር ተያይዟል። ዶሮ የሚፈጀው የበርድ ፍሉ (የወፍ ጉንፋን) ቫይረስ የውሃ ወፎችን ሳያሳምም አብሯቸው ሊመላለስ እንደሚችል ለሚያውቅ አርቢ፣ ይሄ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው።

የ1998 ዓ.ም.ን ነገር ነባር አርቢዎች ዛሬም ያነሱታል። በዚያ ዓመት ቫይረሱ ናይጄሪያ፣ ካዱና ውስጥ ተገኘ። በአፍሪካ ምድር ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግብፅ ገባ። በዚያው ሰሞን እኛም አገር ዶሮዎች ሞቱ ተብሎ ወሬው ተናፈሰ። ምርመራው በርድ ፍሉ አለመሆኑን አሳየ። ግን ሰው ዶሮና እንቁላል ፈርቶ ነበር፤ ዋጋውም ወደቀ። ወሬው ብቻ ይህን ካደረገ፣ በሽታው በእርግጥ ቢመጣ ምን እንደሚተርፈን እያሰብኩ ነው ሥራዬን ያደራጀሁት።

ወፍ ማባረር አይቻልም። ስለዚህ መስኮቱንና የጣሪያውን ክፍተት ሁሉ በወንፊት ሽቦ ዘጋሁ። የፈሰሰ መኖ አያድርም። የሐይቅ ውሃ ለዶሮዎቼ አላጠጣም። ይሄ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱ ሰው ነው። ቫይረሱ በኩስ በብዛት ይወጣል። ቀዝቃዛና እርጥብ ኩስ ውስጥ ደግሞ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አንዴ አንድ እርባታ ከገባ፣ ወደሚቀጥለው የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ጫማ፣ የመኪና ጎማና የእንቁላል ትሪ ነው።

እዚህ አካባቢ የተለመደው በር ላይ ጫማ የሚነከርበት፣ በረኪና የተጨመረበት ውሃ ማስቀመጥ ነው። እኔ በሱ ብቻ አላምንም። በረኪና ኩስ የተለጠፈበትን ጫማ አያጸዳም፤ ቆሻሻው ራሱ ኃይሉን ይጨርሰዋል። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይብስ ይደክማል። ጫማ መጀመሪያ በብሩሽና በኦሞ መፈግፈግ አለበት፤ በረኪናው የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ የዶሮ ቤቱ መግቢያ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ ዝቅ ያለ አግዳሚ አሠራሁ። የሚገባ ሰው አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። የውጪ ጫማውን በውጪ በኩል ያወልቃል። እግሩ መሬት ሳይነካ ዞሮ፣ በውስጥ በኩል የቆመውን ቦቲ ያጠልቃል። እጁን ታጥቦ ቱታውን ይለብሳል። ቦቲው ከአግዳሚው ወዲያ አያልፍም፤ የውጪ ጫማም ወዲህ አይመጣም። ብዙ ብር አልፈጀም። ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ግን በዚህ ነው የምተማመነው።

ነጋዴዎቹን ማስለመድ ጊዜ ወሰደ። አንዱ ደንበኛዬ «እትዬ፣ እኔ እኮ ቤተኛ ነኝ! ከመቼ ወዲህ ነው እንደ እንግዳ ውጪ የምቆመው?» ብሎ አኩርፎ ነበር። ቤተኛ ስለሆነ ነው የምፈራው፤ በአንድ ቀን ስንቱን እርባታ ያዳርሳል! ሻይ አስቀርቤ፣ በሽታውን ከእኔ ቤት ወደ ሌላው ደንበኛው ይዞ ሊሄድ እንደሚችልም ስነግረው ገባው። አሁን እንቁላሉን ውጪ በር ላይ ይረከባል። ካርቶን ትሪ ተመልሶ አይገባም፤ የላስቲኩ ታጥቦ፣ በመድኃኒት ተነክሮ፣ ደርቆ ነው የሚገባው።

የበዓል ሰሞን በተለይ እጠነቀቃለሁ። ለፋሲካ ገበያ ወጥቶ ያልተሸጠ ዶሮ ወደ ቤት አይመለስም፤ በቅናሽም ቢሆን እዚያው ይሸጣል። ገበያ ላይ ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ዶሮ ጋር ታስሮ ነው የዋለው።

ሠራተኞቼ ቤታቸው ዶሮ እንዳያረቡ ተስማምተናል። ይሄ ከኪሳቸው የሚወስድ ነገር ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ እንቁላል፣ ለበዓል ደግሞ ዶሮ እሰጣለሁ። ካሳ የሌለው ክልከላ በድብቅ ይጣሳል ብዬ አምናለሁ።

የሚወጣውም ነገር እንደሚገባው ያሳስበኛል። ኩስና ጉዝጓዙን ትኩሱን ለአትክልት አምራች አልሸጥም። ተቆልሎ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ በራሱ ሙቀት በደንብ ከተብላላ በኋላ ነው የሚወጣው። የሞተ ዶሮም ለውሻ አይጣልም። በጥልቅ ይቀበራል፤ ኖራም ይነሰነስበታል።

ዶሮ ሲሞት ሁሉም ሰው «ፈንግል ነው» ይላል፤ ፈንግል ሌላው ዶሮ ገዳይ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ግን በዓይን አይቶ ፈንግልን ከበርድ ፍሉ መለየት አይቻልም። የፈንግል ክትባት የወሰዱ ዶሮዎች በድንገት ከተረፈረፉ፣ ፊታቸው ካበጠ፣ ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ከጠቆረ፣ እንቁላሉም ባንዴ ከቀነሰ፣ ግምት ይቅር። ናሙናው ሰበታ ያለው የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ደርሶ ውጤቱ እስኪታወቅ ዶሮም እንቁላልም ከግቢ አይወጣም። የታመመውን ቶሎ አርዶ መብላት ወይም መሸጥ ደግሞ ለሰውም አደገኛ ነው። ቫይረሱ የሚይዘው በብዛት የታመመ ዶሮ የነካ፣ ያረደና የገነጠለ ሰውን ነው።

ከጎረቤት አርቢዎች ጋር አሁን የስልክ ስምምነት አለን። ያልተለመደ ሞት ያየ ሰው ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይደውላል፤ ቀጥሎ ለእኛ። ሌላው የዚያን ቀን በሩን ይዘጋል። ለደወለው ሰው ግን መኖውን ገዝተን በሩ ድረስ እናደርስለታለን፤ ገበያ ወጥቶ እንዳይቸገር።