ሻይ ኬር ፕላኑ ላይ የለም

የምሠራው ሰሜን እንግሊዝ ነው፤ ሆም ኬር። ከቤት ቤት እየዞርኩ አዛውንቶችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ስገባም ስወጣም ስልኬ ላይ ባለው አፕ ሰዓት እመዘግባለሁ። አንዳንዱ ቤት የተመደበለት 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

ከማያቸው ሰዎች አንዷ ዘጠናን ያለፉ ሴትዮ ናቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማንቆርቆሪያ ማንሳት አይችሉም። እንደገባሁ የሚጠይቁኝ ሻይ ነው፤ እኔም ቁጭ ብዬ አብሬያቸው ካልጠጣሁ ሳንድዊቹን አይነኩትም። ስለዚህ 15ቱ ደቂቃ 25 ይሆናል።

አንድ ቀን ማናጀሬ ደወለች። ስለ አየሩ አወራችኝ፣ ደጋግማ አመሰገነችኝ፣ መሀል ላይ ሰዓት እያሳለፍኩ እንደሆነና ሻይ ኬር ፕላኑ (ለእያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚደረግለት የተጻፈበት ዕቅድ) ላይ እንደሌለ ጣል አደረገች፣ ከዚያ መልካም ቀን ተመኘችልኝ። እንግሊዝ ሲቆጣ እንዲህ ነው። መቆጣቷ የገባኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሐበሻ «ተይው፣ ፈረንጅ እናቱን ጥሎ አንቺ ምን አቃጠለሽ» አለችኝ። ይህ ወሬያችን አይጥመኝም። የሴትዮዋ ልጅ እሁድ እሁድ ሁለት ሰዓት ነድቶ ይመጣል። እሱ ጋ ግቡ ሲባሉ እምቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሸክም አልሆንም ብለው። ደግሞስ የእኔ እናት አዲስ አበባ በማን ነው የምትጦረው? እኔ ደመወዟን በምልክላት ሠራተኛ።

እኔ የምወቅሰው አሠራሩን ነው። ይህች አገር እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሆስፒታል ስትገባ ሒሳብ አትጠይቅም። ዳሌህ ቢሰበር አምቡላንሱም ቀዶ ሕክምናውም በነፃ ነው። ከዚያ ቤትህ ገብተህ የሚያጥብህና የሚያበላህ ሰው ስትፈልግ ግን ኪስህ ይፈተሻል። እንግሊዝ ውስጥ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ቁጠባ ካለህ ሁሉንም ራስህ ትከፍላለህ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ያግዝሃል፣ ደቂቃ እየቆጠረ። የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ እ.ኤ.አ. በ2018 ብቸኝነትን የሚከታተል ሚኒስትር ሾማ ነበር። ሚኒስትር ተገኘ፣ ለሻይ የሚሆን አሥር ደቂቃ ግን ጠፋ።

ማናጀሬን ላስረዳት ሞከርኩ። «ይገባኛል» አለችኝ፣ ምንም አልሆነም። መላ ያሳየችኝ ሥራው ላይ ያረጀች እንግሊዛዊት ናት፦ አትከራከሪ፣ ጻፊ። ስልጠና ላይም ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል ብለውናል፤ እኔ ለቁጥጥር ብቻ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የምናየውን በምንሞላበት መዝገብ ላይ እንዲህ እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ፦ የትናንቱ ሳንድዊች ሳይነካ ተገኘ። ብቻቸውን ሲሆኑ 50 ሚሊ ሊትር ጠጡ፣ ሰው አጠገባቸው ሲቀመጥ 200። የማታው ኪኒን ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ተገኘ። ስለ ሐዘን፣ ስለ ብቸኝነት አንድ ቃል የለም። ሽማግሌ ውኃ ካነሰው የሽንት ኢንፌክሽን ይይዘዋል፣ ግራ ይጋባል፣ ይወድቃል፣ ሆስፒታል ይገባል፤ ይህ ደግሞ ወጪ ነው። ለወጪ ቶሎ ይነቃሉ።

ሶሻል ወርከሯ ለግምገማ ስትመጣ መዝገቡን ገልጣ አነበበች። ትንሽ ቆይቶ ጉብኝቱ 30 ደቂቃ ሆነ፤ ኬር ፕላኑ ላይም «በቂ ፈሳሽ መጠጣታቸውን አብሮ ቁጭ ብሎ መከታተል» የሚል ተጨመረ። ማናጀሬ ደውላ ስለ መዝገብ አያያዜ አመሰገነችኝ፣ እንደገና ደጋግማ። ስለ ሻዩ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁባትም።

አሁን የጠፋው የሚሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ለኬር ሠራተኞች የተከፈተው ቪዛ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሰው በጁላይ 2025 ተዘጋ። የሰፈሩ ወጣት ደግሞ ሱፐርማርኬት ይመርጣል። አልፈርድበትም፤ ደመወዙ ያው ነው፣ እዚያ ዝናብ የለም።