ግራሲያስ ማለት በቃኝ ነው

ስፓኒሽ ትምህርት ቤት አልተማርኩም። ሜሪላንድ ውስጥ ምግብ ቤት ሰሃን ሳጥብ ከኤልሳልቫዶር ልጆች አፍ ነው የለቀምኩት። ስለዚህ አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ገብቼ ሰዉ መጽሐፍ የሚያስተምረውን "ቱ" ትቶ "ቮስ" ሲለኝ አልደነቀኝም፤ የወጥ ቤት ጓደኞቼም "አንተ" ሲሉ እንዲያው ነው። ያስቸገረኝ "ሽ" ነው። እኔ የማውቀው "ዮ"፣ ማለትም "እኔ"፣ እዚያ "ሾ" ሆኖ ቆየኝ፣ መንገዱ "ካዬ" ደግሞ "ካሼ"። ሁለት ቀን ሙሉ ከተማው በሞላ እሽሽ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በጀልባ ወደ ኡራጓይ ተሻገርኩ። እስከ ኮሎንያ ዴል ሳክራሜንቶ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የሁለቱ አገር የኢሚግሬሽን ሠራተኞች እዚያው ቦነስ አይረስ ወደብ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ ከአንዱ አገር ወጥቼ ሌላው የገባሁት ገና ውሃውን ሳላይ ነው። ውሃው ሪዮ ዴ ላ ፕላታ፣ "የብር ወንዝ" ይባላል። ብር የሚመስል ነገር ግን የለውም፤ የፓራናና የኡራጓይ ወንዞች ደለል አደፍርሶት የክረምት ጎርፍ መስሏል።

አጠገቤ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል፤ እሷ የኡራጓይዋ ሞንቴቪዴዮ፣ እሱ የቦነስ አይረስ ሰው። ዕድሜያቸውን አይቼ "ኡስቴድ" ብዬ፣ ማለትም እርስዎ ብዬ፣ ሰላም አልኳት።

"ቮስ በለኝ፣ አታስረጀኝ!" አለች እየሳቀች።

ከቦርሳዋ ፔርሙስና ትንሽ ቅል አወጣች። ማቴ ነው፣ እንደ ሻይ በትኩስ ውሃ የሚጠጣ ቅጠል። ቅሉን በደረቀው ቅጠል ሞልታ፣ ያልፈላ ግን ትኩስ የሆነ ውሃ ጨመረችበትና የመጀመሪያውን ራሷ ጠጣች። ሁለተኛው ለባሏ፣ ሦስተኛው ለኔ ደረሰ። ሁላችንም በአንድ የብረት ቧንቧ ነው የምንመጠው። እንደ ኮሶ ይመራል! ቅሉን ስመልስ በደንብ ያደገ ልጅ እንደሚያደርገው "ግራሲያስ"፣ ማለትም አመሰግናለሁ፣ አልኩ።

ከዚያ ቅሉ ዘለለኝ። አንዴ፣ ሁለቴ። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ፊቷን ሳጠና ባልየው ገባው። "ማቴ ላይ ግራሲያስ ካልክ በቃኝ ማለትህ ነው" አለኝ። እኛ ቡና ላይ አቦል ጠጥቶ የሚነሳን ሰው ለምነን እናስቀምጣለን፤ እዚህ አንዲት ቃል ታስወጣለች።

ወደ ቅሉ ስመለስ በራሱ በማቴው ተጣሉ። የአርጀንቲናው ቅጠል ከነእንጨቱ ነው፤ ኡራጓዮች ደቃቁንና እንጨት የሌለውን ይወዳሉ፣ እሱንም በአብዛኛው ከብራዚል ነው የሚያስገቡት። "የናንተ እኮ ጭራሮ ነው" አለችው። ከቅጠሉ ወደ ካርሎስ ጋርዴል ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኮሎምቢያ፣ ሜዴዪን ላይ በአውሮፕላን አደጋ የሞተው የታንጎ ዘፋኝ፣ በሷ አባባል የኡራጓይዋ ታኳሬምቦ ልጅ ነው፤ በሱ አባባል ፈረንሳይ ቱሉዝ ተወልዶ ቦነስ አይረስ ያደገ። ታንጎውን ራሱን ሁለቱ አገሮች በ2009 ዩኔስኮ ላይ አንድ ላይ ነው ያስመዘገቡት፤ ይህን ብዬ ላስታርቅ ብሞክር ሁለቱም አልሰሙኝም። እኔ እንደገባኝ፣ የሚያጣላቸው አንድ መሆናቸው ነው። ባንዲራቸው ላይ እንኳ ያለው ፀሐይ አንድ ነው፤ የሁለቱም ፊት አለው፣ የሁለቱም በ1810 ቦነስ አይረስ ውስጥ በስፔን አገዛዝ ላይ ከተነሳው የግንቦት አብዮት የመጣ ነው።

በመጨረሻ ኳስ ተነሳ። የ1930ው የመጀመሪያው ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሞንቴቪዴዮ፣ ኡራጓይ 4 አርጀንቲና 2። በየትኛው ኳስ እንጫወት ብለው ስላልተስማሙ በአንዱ አጋማሽ በአንዱ፣ በሌላው በሌላው ኳስ ተጫወቱ።

"በኛ ኳስ 2 ለ 1 እየመራን ነበር" አለ ባልየው።

"ከዚያስ?" አለችው፣ ውሃ እየሞላች።

ኮሎንያ ስንወርድ ፔርሙሱን ብብቷ ሥር ወሸቀች፤ ቅሉን በዚያው እጇ ይዛ እየጠጣች፣ በሌላው ሻንጣ እየጎተተች ትሄዳለች። ባልየው ባዶ እጁን ከኋላ ይከተላታል። "እኛ መንገድ ላይ እየሄድን አንጠጣም" አለኝ ቀስ ብሎ፣ እንዳትሰማው።