አበባው ሲረግፍ የጠፋው መንገድ

የምሠራው እንግሊዝ አገር የሚኖሩ የአገራችን እናቶችና አባቶች ከቤት ወጥተው በእግር እንዲንቀሳቀሱ በሚረዳ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። የእግር ጉዞ መምሪያ በአማርኛ አዘጋጃለሁ። አንድ ወረቀት ነው፤ በፊቱ ካርታ፣ በጀርባው «እዚህ ጋ ታጠፉ፣ በዚያ በኩል ግቡ» የሚል ጽሑፍ አለው። ቀላል ሥራ ይመስላል። አንድ ቃል ከተሳሳተ ግን ጉልበታቸው የደከመ ሰዎች ሜዳ ላይ ይቀራሉ።

አምና ሚያዝያ ላይ ለሶብሪጅዎርዝ አንድ መምሪያ ጻፍኩ። ከለንደን በስተሰሜን፣ በሃርትፎርድሺር፣ ስቶርት የሚባል ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። መንገዱ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከወንዙ አጠገብ ካለው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ከተማውን ያቋርጥና በደቡብ ምዕራብ በኩል ባለው በድሮው የሪቨርስ ችግኝ ጣቢያ ዞሮ ይመለሳል።

ይህን መንገድ የመረጥኩት በችግኝ ጣቢያው ምክንያት ነው። የሪቨርስ ቤተሰብ ሥራውን የጀመረው በ1725 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ከ250 ዓመት በላይ ቆይቷል። ዛሬ በየሱቁ የምናየው፣ አንገቱ ረዘም ያለው ኮንፈረንስ የሚባለው የፒር ፍሬ ዓይነት የተገኘው እዚያ ነው። በ1885 ለንደን ውስጥ በተካሄደ የፒር ጉባኤ ላይ ቀርቦ ስለተወደደ ስሙንም ከጉባኤው ወሰደ። ከቤተሰቡ አንዱ የሆነው ቶማስ ሪቨርስ ስለ ዕፅዋት ከተፈጥሮ ተመራማሪው ከቻርልስ ዳርዊን ጋር ይጻጻፍ ነበር። የቫሌንሲያ ብርቱካን ችግኝም ከዚሁ ችግኝ ጣቢያ ተጭኖ ካሊፎርኒያ ድረስ ሄዷል። ችግኝ ጣቢያው በ1980ዎቹ ተዘጋ፤ ከመሬቱ ከፊሉ ሕንጻ ተሠርቶበታል፤ የተረፈውን የፍራፍሬ ቦታ ግን በጎ ፈቃደኞች እየተንከባከቡ አቆይተውታል። እናቶቻችን ይህን እንዲያዩ በጣም ፈልጌ ነበር። ብዙዎቹ ገበሬ ቤት ያደጉ ናቸው፤ ዛፍ ያውቃሉ።

ቦታውን ሳይ ፒሩ ሁሉ አብቦ ነጭ ለብሶ ነበር። እኔም ያየሁትን ጻፍኩ፦ «ነጭ አበባ ያላቸው ዛፎች በቀኝ ሲታዩዎት በመካከላቸው ወዳለው ጠባብ መንገድ ይግቡ።»

ኅዳር መጨረሻ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ሄዱ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኬ ጮኸ። የቡድኑ መሪ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት ነበሩ።

«ልጄ፣ አበባ ያልከው የታለ?»

በዚያ ወር ከአሥር ሰዓት በፊት ፀሐይ ትጠልቃለች። ምን ይታይዎታል ብላቸው «እንጨት ብቻ» አሉኝ። ሁሉም ዛፍ ረግፎ አንድ ዓይነት ሆኗል። የሕዝብ የእግር መንገድ የሚጠቁመውን ቢጫ ቀስት ፈልጉ አልኳቸው፤ አላገኙትም። ደግሞ ከባቡር ጣቢያው ሲነሱ አንደኛው እናት ዳገቱን ፈርተው ስለነበር በወረቀቱ ከተጻፈው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የዞሩት። «በቀኝ» ያልኩት ሁሉ ለእነሱ በግራ ሆኗል። ክብ መንገድ ሰው በተመቸው በኩል የሚጀምረው መንገድ ነው፤ እኔ ግን ሁሉም እንደ እኔ የሚዞር መስሎኝ ነበር የጻፍኩት።

ከለንደን ሆኜ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። አትክልቱን ከሚንከባከቡት በጎ ፈቃደኞች አንዱ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ድምፃቸውን ሰምቶ በባትሪ እየመራ ባቡር ጣቢያ ድረስ አደረሳቸው። «ሁላችንም ባቡር ውስጥ ነን» ብለው እስኪደውሉልኝ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ያቺ ሰዓት እስከ ዛሬ ትከብደኛለች።

በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው እትዬ ቤት ሄድኩ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። «ይቅርታው ይቅርና አብረን ሄደን አሳየኝ» አሉ። ሄድን። ሽማግሌውም አትክልቱ ውስጥ ቆይቶ ጠበቀን።

ዛፎቹ በምን እንደሚለዩ ስጠይቀው ጎንበስ ብሎ አንድ የፒር ግንድ ሥር ያለውን ሣር ገለጥ አደረገ። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግንዱ አብጧል፤ ከእብጠቱ በታች ያለው ቅርፊትና ከበላዩ ያለው አይመሳሰሉም። ፒሩ በሌላ ዛፍ፣ በኩዊንስ ሥር ላይ የተቀጠለ ነው። ሥሩና ግንዱ እኩል ስለማይወፍሩ መጋጠሚያው ያብጣል። ኩዊንሱ ዛፉ እንዳይገዝፍ ይይዘዋል፤ ቶማስ ሪቨርስም በትንሽ ጓሮ የሚበቃ ዛፍ እያለ ሲያስፋፋ የኖረው ይህንኑ ነው።

ሽማግሌው የተናገረውን ልተረጉም ስል እትዬ ቀድመውኝ አውራ ጣታቸውን እብጠቱ ላይ አሳርፈዋል። «ይሄማ ጠባሳ ነው። ቁስል ቢድንም ቦታው ይታወቃል» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ፦ «አበባውን ትተህ ይሄን ብትጽፍልን ኖሮ በጨለማም በእጃችን ዳብሰን እናገኘው ነበር።»

ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን እንደ አዲስ ጻፍኩት። አበባውን አወጣሁ። «ሥሩ ያበጠ ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን ያለበት ቦታ» የሚል ገባ። ቀኝና ግራ የሚለውን ሁሉ ሰርዤ «ወደ ወንዙ በኩል»፣ «ወደ ከተማው በኩል» አልኩ፤ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞሩ ወንዙ ቦታውን አይለቅም። በብርዱ ወራት የሚሄድ ሰው ስንት ሰዓት ላይ መመለስ እንዳለበትም ከላይ በትልቁ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም መምሪያ ቅጠል ባለበትም በሌለበትም ወር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ሳልሄድበት ለማተሚያ አልሰጥም። ሥራው ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ አለቃዬም ተስማምታለች።

ረቂቁን ለእትዬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ እርሳስ ይዘው ያነቡት ጀመርና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ወንበር» ካልኩት አጠገብ «የተሰበረ ነው፣ አይቀመጡበት» ብለው ጻፉ። ሄጄ አየሁት፤ እውነታቸውን ነው፤ አንድ እግሩ በስብሷል።