የ5 ዓመት ልጄ ሰው ከሰሰች

ከሁለት ወር በፊት ነው። ልጄን ከትምህርት ቤት ልወስዳት ስሄድ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ጫማ አላደረገችም። ቦርሳዋም የለም። «እማዬ ቆይ፣ ክሴን ሳላስገባ አልሄድም» አለችኝና ተመልሳ ሮጠች።

5 ዓመቷ ነው። መጻፍ አትችልም። ስለዚህ የክስ ወረቀቱን ይዛ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ፈልጋ፣ እሷ እየተናገረች እሱ ጻፈላት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከብርድ ልብስና ከወንበር ቤት ሰርታ ነበር። አሻንጉሊቶቿን ውስጡ አስተኝታ ውሃ ልትጠጣ ሄደች። ስትመለስ አንድ ትልቅ ልጅ ቤቱን አፍርሶ ወንበሮቹን ወስዷል። ትልቅ ስል 14 ዓመቱ ነው፤ በቁመት እኔን ይበልጠኛል።

እኔ በተማርኩበት ዓይነት ትምህርት ቤት ይሄ ነገር እንዴት እንደሚያልቅ አውቀዋለሁ። ታለቅሳለች። አንዷ መምህር መጥታ «በቃ አይዞሽ፣ ሌላ ትሰሪያለሽ» ትላታለች። ልጁን ደግሞ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ትለዋለች። አለቀ።

እዚህ ግን በማግስቱ ሁለቱም ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ናቸው፣ ትንሹ 7 ትልቁ 16 ዓመቱ፣ አንድ አዋቂም አብሮ ይቀመጣል። ምን እንደተፈጠረ መጀመሪያ እሷን ጠየቋት፣ ቀጥሎ እሱን። እሱ «ማንም የሚጠቀምበት አልመሰለኝም» አለ። እሷ «አሻንጉሊቶቼ ተኝተው ነበር» አለች። ማንም አልሳቀም። ይሄን የነገረችኝ እዚያ የነበረችው ሰራተኛ ናት። እኔ ብኖር የምስቅ ይመስለኛል፣ እሱን ሳስብ አፍራለሁ።

የትምህርት ቤቱ የሕግ መጽሐፍ ተገለጠ። ሰው እየተጠቀመበት ያለን ዕቃ ሳይጠይቁ መውሰድ ክልክል ነው ይላል። ጥያቄው እንግዲህ አሻንጉሊት የተኛበት ቤት «ሰው እየተጠቀመበት ያለ» ይባላል ወይ የሚለው ሆነ፤ እዚያ ላይ ሩብ ሰዓት ተከራከሩ። ይባላል አሉ። ልጁ ጥፋተኛ ተባለ፣ ቤቱን አብሯት መልሶ እንዲሰራ ተወሰነ። ሰራ። ከዚያ ወዲያ ጓደኛሞች ሆኑ ብዬ አላሳምርም። ሲተላለፉ ሰላም ይባባላሉ፣ ያው ነው።

ለማያውቀው ልንገር። ልጄ የምትሄድበት ዴሞክራሲያዊ ከሚባሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ደወል የለም። ክፍል በዕድሜ አይከፈልም። ፈተና የለም፣ ውጤትም የለም። ትምህርት የሚሰጠው ልጆቹ ራሳቸው ሲጠይቁ ነው። ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ትልልቆቹን ሰዎች ሰራተኛ ነው የሚሏቸው፣ መምህር አይሏቸውም። በሳምንት አንዴ ጠቅላላ ስብሰባ አለ። ሕግ የሚወጣውም፣ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል የሚወሰነውም እዚያ ነው፣ የልጄ ድምፅም ከሰራተኞቹ ድምፅ እኩል ይቆጠራል።

ይሄ አዲስ ሙከራ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። ኤ. ኤስ. ኒል የሚባል ስኮትላንዳዊ መምህር ሰመርሂል የሚባለውን እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የጀመረው በ1921 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጀርመን ውስጥ፣ ድሬስደን አጠገብ ነው። በኋላ ወደ እንግሊዝ ዞረ። ከ1927 ጀምሮ ሰፎክ ውስጥ ነው ያለው፣ ዛሬም አለ። መሥራቹ ራሱ ስብሰባ ላይ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፣ ያቀረበውን ሐሳብ ልጆቹ የጣሉበት ጊዜም አለ። ከሁሉ የምወደው ግን የ2000ው ነገር ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ትምህርት ቤቱን ነቀፉት። ከጭቅጭቁ ዋናው ልጆቹ ክፍል የመግባትና ያለመግባት ምርጫ ያላቸው መሆኑ ነበር። ነገሩ ለንደን ፍርድ ቤት ደረሰ። መሀል ላይ መንግሥት የመስማሚያ ሐሳብ ሲያቀርብ ተማሪዎቹ እዚያው ችሎቱ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባቸውን አድርገው፣ ተወያይተው፣ ድምፅ ሰጥተው ተቀበሉት። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሌላው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ፍራሚንግሃም ውስጥ በ1968 የተከፈተው ሰድበሪ ቫሊ ነው። ከ4 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል። እዚያ ሰራተኞቹም በየዓመቱ ተማሪዎቹ ባሉበት ስብሰባ በድምፅ ይመረጣሉ። የኛ ትምህርት ቤት አሰራሩን በብዛት የቀዳው ከዚህኛው ነው። ክሱም ኮሚቴውም የሕግ መጽሐፉም ከዚያ የመጣ ነው።

ወደ ልጄ ልመለስ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ተራው የእሷ ሆነና ተከሰሰች። ቀለም ክፍል ውስጥ ስትስል ውላ ሳታጸዳ ሄደች። ቀለሙ ደረቀ፣ ብሩሾቹም ተበላሹ። ጥፋተኛ ተባለች። 2 ቀን ቀለም ክፍል እንዳትገባ ተወሰነባት። ያን ቀን መኪና ውስጥ እስክንደርስ ድረስ አለቀሰች። አንጀቴን በላችኝ። ስልኬን አንስቼ ልደውልላቸው ነበር፣ ገና 5 ዓመቷ እኮ ነው ልላቸው። ተውኩት። ምክንያቱም የ14 ዓመቱ ልጅ እናትም ያን ሳምንት አልደወለችም። ለልጄ ሲፈርድ ደስ ያለኝን ኮሚቴ በልጄ ላይ ሲፈርድ ልቃወመው አልችልም። በሦስተኛው ቀን ቀለም ክፍል ገባች፤ ስትወጣ ብሩሾቹን አጥባ በመጠናቸው ደርድራ ነበር ብለው ነገሩኝ።

አሁን ስለ ከባዱ ላውራ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ልጄ ከዚያ በፊት መዋለ ሕፃናት ነበረች፣ ሁሉ ነገር በሰዓት የሚሰጥበት። አዲሱ ቦታ የሚሰጣት ሰው ስታጣ ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር። «ደበረኝ» ትላቸዋለች ሰራተኞቹን። እነሱም አጠገቧ ይቀመጣሉ፣ ያወሯታል እንጂ «ነይ ይሄን እንስራ» አይሏትም። እኔ ይሄን ስሰማ ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ልጄን ችላ አሏት ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ሄጄ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ጋ ቆማ ትልልቆቹ ኳስ ሲጫወቱ ታያለች። ወጣች። ተመለሰች። አንዲት ልጅ ዳቦ ስትጋግር ቆማ አየች። «እኔስ?» አለች። ልጅቷ «ምድጃ ለመንካት ፈቃድ ያስፈልግሻል፣ ሊጥ ግን መለወስ ትችያለሽ» አለቻት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሊጥ ስትለውስ ዋለች። ማንም አላዘዛትም። ከዚያ ወዲህ «ደበረኝ» የሚለው ቃል በሳምንት አንዴ ቢሰማ ነው።

የምድጃ ፈቃዱን ደግሞ አሁን ልታወጣ እየተዘጋጀች ነው። እንዴት እንደሚበራ፣ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ቢያቃጥላት ምን እንደምታደርግ ለሚያውቅ ሰው አሳይታ ማለፍ አለባት። ማታ ማታ እኔን እያስጠናችኝ ነው።

እናቴ አልወደደችውም። «አንቺ ልጅ፣ የእህትሽ ልጅ እኮ ማንበብ ጀመረች» ትለኛለች። ልክ ናት፣ ጀምራለች። የኔዋ ገና ናት። ሌሊት ነቅቼ የማስብበት ቀን አለ። የሚያጽናናኝ አንዱ ነገር ከሰድበሪ ቫሊ መሥራቾች አንዱ ዳንኤል ግሪንበርግ የተረከው ነው። ከ9 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 12 ልጆች ሒሳብ አስተምረን አሉት። በሳምንት ሁለቴ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ 20 ሳምንት። በ20 ሰዓት የአንደኛ ደረጃውን ሒሳብ ጨረሱት ይላል። ፈልገውት ስለመጡ ነው። የቦስተን ኮሌጁ የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ግሬይም፣ የራሱ ልጅ እዚያ ስለተማረ፣ ከዚያ የወጡትን ተከታትሎ በ1986 ከሌላ ሰው ጋር ጥናት አሳትሟል። ኮሌጅ መግባት የፈለጉት በአብዛኛው ገብተዋል። ግን የተጠኑት የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፣ ያንን ሕይወት የመረጡ ቤተሰቦች ልጆች። ስለዚህ ለእናቴ «ይኸው፣ ተረጋገጠ» ብዬ አልሰጣትም። «ጠብቂ እማ፣ አብረን እንይ» ነው የምላት።

ለሁሉም ልጅ ይሆናል አልልም። ይጮሃል፣ ይረበሻል። ልዩ እገዛ የምትፈልግ ልጅ፣ እስክትጠይቅ እየተጠበቀች ብዙ ጊዜ ሊያልፍባት ይችላል። ይሄን ለሰራተኞቹም ነግሬያቸዋለሁ፣ እነሱም ያስባሉበታል።

እኔ የተውኩት አንድ ነገር «ዛሬ ምን ተማርሽ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ሁሌ መልሷ «ምንም» ነበር። አሁን «እንዴት ዋልሽ?» ነው የምላት፤ ከዚያ አፏ አይዘጋም።

ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ስለ ስብሰባው ነው። ባለፈው ሳምንት ሐሳብ አቅርባ ነበር፦ ትንንሾቹ ደርሰው ውሃ እንዲጠጡ ቧንቧው ስር መርገጫ ይደረግ የሚል። ተሸነፈች፣ 19 ለ 22። ሰው ይደናቀፍበታል ተባለ። ቤት ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። እራት አልበላም አለች። ከዚያ ግን ወረቀት አምጪ አለችኝ። ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ መርገጫ ሳለች። አሁን በየቀኑ ሰው እያናገረች ነው። እሺ ያላትን ሰው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል አስጽፋ፣ ስር ስሩን ራሷ ገልብጣ ትጽፈዋለች። ትናንት ማታ ስንቆጥር 17 ደርሳለች። ስብሰባው ሐሙስ ነው።