ጭድ ሳይኖር ቤት አይመረግም፦ ከኅዳር የጎንደር ጉዞ

ከባሕር ዳር ጎንደር በሚኒባስ 3 ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ቁልቋልበር ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል እንዲያቆምልኝ ሾፌሩን ብለምነው 300 ብር ጠየቀ። ከፈልኩ። 4 ደቂቃ ሳይሞላ ክላክሱን ይነፋ ጀመር። ገንዘቡ አልቆጨኝም፤ ክላክሱ ግን እስከ አዘዞ ከጆሮዬ አልወጣም።

ቢሆንም 4 ደቂቃዋ ጠቀመች። ስለ ጎንደር ውጊያ፣ እንግሊዞችና አርበኞች በ1934 ጣሊያንን ከጎንደር ስላስወጡበት፣ ልብ ወለድ ለመጻፍ ያሰበ ሰው ቢያንስ ይህችን በር ቆሞ ይያት። መንገዱ ወደ ጠባብ አንገት ይገባል፤ ጉብታው ላይ የተቀመጠ ሰው ከጣና በኩል የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ ያያል። ጣሊያኖች ሙጭጭ ብለው የያዙት ለዚህ ነበር። የለቀቁት ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ በኅዳር ሚካኤል። እኛ አዲስ አበባ በዚያ ቀን ቆሻሻ ሰብስበን እናጤሳለን፤ እዚህ ያን ዕለት የጤሰው ሌላ ነው። በስድስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ኅዳር 18፣ የጣሊያኖቹ አዛዥ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ።

ከፈረንጅ መጽሐፍ ቀን የሚገለብጥ ደራሲ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከ1941 ላይ 8 ዓመት ቀንሶ 1933 ይላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የሚቀነሰው 7 ነው፤ 8 የሚቀነሰው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ነው። በአንድ ዓመት ስሕተት ገጸ ባሕርዩ ነጻ ሳይወጣ ነጻ ይወጣል።

እስከ ማክሰኚት በመስኮት የሚታየው ጤፍ ነው፤ የታጨደ፣ የሚታጨድ፣ የተከመረ። የጎንደር ውጊያ የመጨረሻው ሳምንት የወደቀው አጨዳ ላይ እንደሆነ ከወረቀት ላይ አላስተዋልኩትም ነበር። የደረሰ ጤፍ ቀጠሮ አይሰጥም። ቀን ካለፈበት ይተኛል፣ ይረግፋል፣ ከብት ይገባበታል። በኅዳር መግቢያ ሸሽቶ በኅዳር መጨረሻ የተመለሰ ቤተሰብ ከጤፉ የሚለቅመው ጥቂት ነው። ሽምብራ ግን በመስከረም በጥቁር አፈር እርጥበት ስለሚዘራ በዚህ ወቅት ገና አረንጓዴ ነው፤ የሚሰበሰበው በጥርና በየካቲት ነው። ደምቢያ ወርዶ የዘራ ሰው ልጆቹን በሽምብራ ያሻግራል። በታሪኩ ውስጥ ከጦርነቱ ማግስት እንጀራ ቆርሶ የሚበላ ገጸ ባሕርይ ካለ፣ ጤፉ ከየት እንደመጣ ደራሲው ይንገረን።

ማክሰኚት ላይ ክምር የሚከምሩ አዛውንት ገበሬ አገኘሁ። የተቃጠለ ቤት መልሶ ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ጭድ ሳይኖር በምን ትመርገዋለህ?» አሉኝ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩኝ።

መጀመሪያ እንጨት ነው። የምሰሶውና የግድግዳው እንጨት እግሩ ምስጥ እንዳይበላው በእሳት ይለበለባል፤ ከዚያ ይተከላል፣ ማገር ይታሰራል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ይረገጣል፤ ከዚያ ተሸፍኖ አንድ ሳምንት፣ ከተቻለ ሁለት ሳምንት ይቦካል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ እየጠገበ ይገላበጣል። ያልቦካ ጭቃ ጭዱን አይይዝም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ይወርዳል። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ነው፤ እርሱ ደርቆ ስንጥቁ ካለቀ በኋላ ቀጭን ጭድ ያለው ሁለተኛው ይከተላል፤ ማለስለሻው እበትና አመድ ነው። የክዳኑ ሣር የሚታጨደው ከብት ሳይግጠው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው።

ጤፉ ካልተወቃ ጭድ የለም። ጭድ ከሌለ ምርጊት የለም። በኅዳር 1934 ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ጎረቤቱ ደህና አውድማ ካልኖረው እስከ ጥር በዳስ ያድራል። ሌሊቱ ደግሞ ይበርዳል፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል 2100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት።

በሬስ? አንድ በሬ የተረፈው ሰው አንድ በሬ ከተረፈው ጋር ይቀናጃል፤ መቀናጆ ይሉታል። ጥማዱ አንድ ቀን ለእኔ፣ አንድ ቀን ለአንተ ነው። ለጤፍ መሬቱ ሦስት አራት ጊዜ መታረስ ስላለበት በመቀናጆ የሚያርስ ሰው ይዘገያል፤ የዘገየ ይቀንሳል። ስለዚህ የጦርነቱ ረሃብ ጥይቱ ከቆመ በኋላ፣ በቀጣዮቹ ክረምቶች ይመጣል። ጎንደር ይህን ቀድሞም ታውቀዋለች። በጥር 1880 የሱዳን ደርቡሽ ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች አዳኗት ይባላል። የከብት በሽታውና ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ የተከተሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ከተማ ስገባ 900 ብር የከፈልኩበት አልጋ ሌሊት ውሃ አልነበረውም፤ ከሥር ያለው ቡና ቤት እስከ 8 ሰዓት ሙዚቃ ከፍቶ አደረ። ጠዋት በባልዲ ታጠብኩ። አዲስ አበባ ውሃ ሲጠፋ እንዲህ አልነጫነጭም፤ ከቤት ውጭ ሲሆን መብት ይመስለኛል መሰለኝ።

ፒያሳ ላይ አስጎብኚ ነኝ ያለ ልጅ 1000 ብር ጠይቆ በ500 ተስማማን። ጎበዝ ነው። ነገር ግን ከነጻነት ማግስት አንድ ነጋዴ ሱቁን በንጉሡ የብር ኖት ተከራየ ብሎ ሲያጫውተኝ አላሳለፍኩትም። በወረራው ሊሬ ነበር፤ ከዚያ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ፤ ማርትሬዛው፣ ጠገራ ብሩ፣ ከገበያ አልጠፋም። አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ የወጣው በሐምሌ 1937 ነው። ልጁ አልተቀየመም፤ ሽልንጉን ስልኩ ላይ ጻፈው።

ፋሲል ግቢ ውስጥ የአድያም ሰገድ ኢያሱን ቤተ መንግሥት የእንግሊዝ ቦምብ ጎድቶታል። ጣሊያኖች በበኩላቸው ግንቦቹን ሲጠግኑ ሲሚንቶ ተጠቅመው ነበር፤ በኋላ በኖራ እንዲተካ ሆነ። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይልቅ ይጠነክራል፣ ውሃ አያስተነፍስም፤ እርጥበቱ ወደ ድንጋዩ ዞሮ ይልጠዋል። ኖራ በዝግታ፣ አየር እየጠጣ ይጠነክራል፤ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ዱቄት ይሆናል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል።

ቁስቋም አካባቢ መንገድ የጠየቅኋቸው እናት ቡና አፈሉልኝ። ስለ መርዶ ያወሩት እርሳቸው ናቸው። መርዶ ማታ አይነገርም፤ ሐዘንተኛው ብቻውን ሊያድር ነው። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ይገባል። አስከሬኑ ካልመጣ ጋቢው፣ ጠመንጃው፣ ፎቶ ካለው ፎቶው መሀል ተቀምጦ ይለቀሳል።

«ተዝካሩስ፣ እማማ?» አልኳቸው።

በጣቴ ቆጠርኩ። በኅዳር 18 የሞተ ሰው አርባው ታኅሣሥ 27 ነው፤ ጾመ ነቢያት ሳይፈታ። ቅቤ የለም፣ ሥጋ የለም። እህል ከሌለ ደግሞ ለመንፈቅ ወይም ለሙት ዓመት ይተላለፋል አሉ እማማ፤ ጠላው ከየት ይጠመቃል?

በጦርነት የተረበሸን ሰው ምን ይሉት እንደነበር ስጠይቅ «ቀልቡ ተገፈፈ» አሉኝ። ከጣሪያ በታች አልተኛም የሚል፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ብድግ የሚል። ጸበል ይወሰዳል፤ ሰባት ቀን፣ ካልሆነ ሌላ ሰባት። የ1934 ሰው አፍ ውስጥ የሐኪም ቃል መክተት አያስፈልግም።

ስነሳ ግድግዳቸው ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ። እማማ በጥፍራቸው ጫር አደረጉት፤ አንድ እፍኝ አፈር ወረደ።

«ልጆቹ ሳይቦካ መረጉት» አሉ። «ተዉት ብያቸዋለሁ። በጥር ጭድ ሲገኝ እንደገና ነው።»