አጭር የማርሽ ዘንግ ለመምረጥ ሦስት ወር ፈጀብኝ

መኪናዬ ባለ ሁለት በር ቢኤምደብሊው ኢ36፣ 318 አይ ኤስ ናት። ከለገሃር ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ በቀየርኩ ቁጥር እጄ ሬዲዮውን ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር። ግንቦት ላይ «አጭር የማርሽ ዘንግ እገዛለሁ» ብዬ ወሰንኩ፤ ማርሽ ሲቀየር እጅ የሚሄደውን ርቀት የሚያሳጥር ዘንግ ማለት ነው። አሁን ነሐሴ ነው። ዘንጉ ገብቷል፤ ግን ያኔ ልገዛው ያሰብኩት አይደለም።

መጀመሪያ ማስመሪያ ይዤ፣ ከሦስተኛ እስከ አራተኛ የእጀታው አናት የሚሄደውን ለካሁ። 14 ሴንቲሜትር። ከዚያ ማርሽ እንደገባ ዘንጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቀነቅኩት፤ ወደ 3 ሴንቲሜትር የሚጠጋ በባዶ ይወዛወዛል። ለዓመታት መኪናዬን የሚያዩልኝ ጋሼ ነቅነቅ አደረጉትና «ልጄ፣ ዘንጉ ረጅም ሆኖ አይደለም፤ ቦኮላው አልቆ ነው» አሉኝ፤ ቦኮላ የሚሉት መጋጠሚያው ላይ የሚገባውን ማቀፊያ ነው። እውነት ለመናገር ቅር አለኝ። ልቤ ያለው አዲሱ ዕቃ ላይ ነበር።

ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አውርደን፣ ከላይ ያለውን የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ፈትተን አየን። ከዘንጉ ሥር ወደ ካምቢዮ (ወደ ማርሽ ሳጥኑ) የሚሄደው በትር ሁለት ጫፍ ላይ ቢጫ የፕላስቲክ ሮንዴላዎች አሉ፤ ተፈርፍረው ቅርጻቸው ጠፍቷል። የዘንጉ ኳስ የሚቀመጥባት ፕላስቲክም ተበልታ ሰፍታለች። እነዚህን ቀይረን ግራሶ ቀብተን ስንገጥም ርቀቱ 11.5 ሴንቲሜትር ሆነ። አጭር ዘንግ ገና አልገዛሁም! ወጪው ደግሞ ከዘንጉ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። እዚህ ላይ ብታቆሙም ብዙ አትርፋችኋል።

እኔ ግን አላቆምኩም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን በአየሩ መሳሳት ያጣል። 140 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ ቶሎ መቀያየር ግድ ነው።

ለመምረጥ የረዳኝ ቀላል ስሌት ነው። ዘንጉ የሚዞረው ኳሱ ላይ ነው። ከኳሱ በላይ 20፣ ከኳሱ በታች 4 ሴንቲሜትር ነው እንበል፤ ታች 1 ሴንቲሜትር ለማንቀሳቀስ እጅ 5 ይሄዳል። ታችኛውን ወደ 5 ካስረዘማችሁት እጅ የሚሄደው 4 ብቻ ነው። ርቀቱ በ20 በመቶ ቀነሰ፤ እጅ የሚጠይቀው ጉልበት ግን በ25 በመቶ ጨመረ። ይህን ጉልበት የሚያስቀር ዘንግ የለም። «በግማሽ ያሳጥራል» የሚል ዕቃ ስታዩ ጉልበቱ እጥፍ እንደሚሆን አስቡ፤ ከዚያ ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም በመጨናነቅ ሰዓት አንደኛና ሁለተኛን ስንት ጊዜ እንደምትመላለሱ ቁጠሩ።

አንድ ጓደኛዬ ላዩን አስቆርጥ አለኝ። ቶርኖ ቤት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ርካሽም ነው። ግን እጀታው ይወርዳል፤ ክንድ ከመሪ ወደ ታች መዘርጋት ይጀምራል። የተቆረጠ ደግሞ አይመለስም። አልወደድኩትም።

ከፍታው የሚስተካከለው፣ የብረት ቦኮላ ያለው ኪት መጀመሪያ ያማለለኝ ነው። የጓደኛ መኪና ላይ ሞከርኩት፤ ማርሹ ሲገባ ጠቅ ይላል፤ ደስ ይላል። ሆኖም ጎማና ፕላስቲክ የሚውጡት ንዝረት ሁሉ እጅ ላይ ይመጣል። በተጨማሪ ታችኛው ጫፍ ቀጥ ብሎ ሲረዝም የካርዳኑን (ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈውን ዘንግ) መጋጠሚያ ጎማ ሊነካ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሥር ገብታችሁ ክፍተቱን እዩ።

የመረጥኩት የዜድ3ን፣ የቢኤምደብሊውን ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና፣ የፋብሪካ ዘንግ ነው፤ የባለ 1.9 ሊትር ሞተሩን። ዜድ3 የተሠራው በኢ36 መሠረት ላይ ስለሆነ ዘንጉ ያለ ምንም ብየዳ ይገባል፤ የፋብሪካውን ፕላስቲክና ጎሚኒም (የጎማ መያዣ) ይጠቀማል። ያገለገለ አገኘሁ። ከገጠምን በኋላ ለካሁ፤ ከ9 ሴንቲሜትር ትንሽ በለጥ ይላል።

አንድ ነገር ግን ሐምሌ ላይ አስጨነቀኝ። ጠዋት በብርዱ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ይላል። ዘንጉን ልወቅስ ስል የካምቢዮ ዘይቱን አወጣን፤ ቀድሞ የሄድኩበት አንድ ጋራዥ የሞላው ወፍራም 90 ቁጥር ነው። ካምቢዮው ላይ የተለጠፈው ምልክት የሚጠይቀው ደግሞ ቀጭኑን ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) ነው። ሲንክሮ፣ ማለትም ማርሽ ሳይንጫጫ እንዲገባ የሚያደርገው ክፍል፣ የሚሠራው የነሐስ ቀለበቱ ማርሹን ይዞ ፍጥነቱን እስኪያመሳስል ትንሽ ጊዜ ሲያገኝ ነው፤ ወፍራም ዘይት በቀዝቃዛው ይህን ያዘገየዋል። አጭር ዘንግ ያለው እጅ ደግሞ ያንን ጊዜ ሳይሰጥ ሊገፋ ይችላል፤ ያኔ ቀለበቱ ይበላል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህችን በሌላ የምተካበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ካምቢዮዋን መንከባከብ አለብኝ። ኤቲኤፍ ከሞላን በኋላም ሞተሩ እስኪሞቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ዘንጉን በሁለት ጣት ነው የምገፋው።

ባለፈው እሑድ ንጋት ላይ፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ ቸርችልን ወጣሁ። ሦስተኛ ገባ፤ እጄ ከሬዲዮው ራቀ። ኋላ ማርሽ ገና ትንሽ ይከብዳል፤ የዘንጉን ተሸካሚ የኋላ ጎሚኒ ስላልቀየርኩ ይመስለኛል፤ መስከረም ላይ እናየዋለን። አሮጌው ዘንግ እቤት አለ። ከራሱ ጋር አስተያይቶ መለካት የሚፈልግ ካለ መጥቶ ይውሰደው።