የፈረስ ውድድር ፕሮግራም ሳወጣ የተማርኩት

ዳማው ፈረስ የግራ የፊት እግሩን ከመሬት ከፍ አድርጎ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ጅማቱን ዳሰስኩት። አብጧል፤ ይፋጃል። ሌላኛውን እግሩን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሊያስሮጡት ነው?» አልኳቸው ባለቤቱን።

«አቦ፣ ያወጣኸው አንተ አይደለህ? ፕሮግራሙ ላይ አለኮ!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ፈረሱን ሦስት እሁድ በተከታታይ ያሰለፍኩት እኔ ነበርኩ። በየእሁዱ አንድ፣ በጠቅላላው ስምንት ዙር አድርጌ ወረቀቱን አዘጋጀሁ። ነጥብ እንዲደመር አደረግኩና ለጥፌ ሄድኩ። አንድ እሁድ የቀረ ነጥብ ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ማንም አይቀርም። ያቺ ወረቀት ፈረሱን እንደ አለንጋ ነዳችው። የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐረር ላይ የፈረስ ነገር አዲስ አይደለም። ጀጎል መሃል ያለው አደባባይ ስሙ ፈረስ መጋላ ነው፤ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ሐረርን ያስተዳደሩት ራስ መኮንን በፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ዛሬ ፈረስ መጋላ ላይ የሚርመሰመሰው ባጃጅ ነው። ፈረሱ ግን በዙሪያው ገጠር አለ። የሚወዱት ሰዎችም አሉ። እኛ የምንወዳደረው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 17 ፈረስ ተመዘገበ፤ ሦስቱ ከድሬዳዋ በአይሱዙ ተጭነው የደንገጎን ዳገት ወጥተው የሚመጡ ናቸው። እኔ ፈረስ የለኝም። ደብተር መያዝ ስለምወድ ብቻ «አንተ ጻፍልን» ተባልኩ።

ከዚያ ጻፊ ብቻ ሆኜ አልቀረሁም። ቀን መራጭም፣ አስጀማሪም፣ ማን ቀደመ ብሎ የሚፈርደውም እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ አምባላይ ፈረሱን ይዞ መጣና በአንገት ልዩነት አሸነፈ። በትክክል ነው የፈረድኩት፤ ዛሬም እምላለሁ። ግን ሜዳው ላይ ያለው ሰው ዓይኑን ከፈረሱ ላይ አንስቶ እኔን ነበር የሚያየው። ሊያምነኝ የሚገደድበት ምክንያት አልነበረውም።

ሌላው ስህተቴ የቀን ነው። በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያውን ፕሮግራም ገልብጬ ቀኖቹን ብቻ አስተካከልኩ። ሸዋል ኢድን ረሳሁት። የሒጅራ ዓመት ከእኛ ወደ 11 ቀን ስለሚያጥር በዓሉ በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል። ሸዋል ኢድ ደግሞ የሐረር ትልቅ በዓል ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ውድድሩን እዚያው ቀን ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ሜዳው ላይ አራት ፈረስ ቀረበ። ጋላቢዎቹ ከተማ ውስጥ እየጨፈሩ ነበር፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አይሱዙ አጣን። ከ19 ቀደም ብሎ ያለ መኪና ሁሉ ቁልቢ ገብርኤልን ብሎ ይወጣል። ይሄንን ሐረር ተወልዶ ያደገ ሰው መርሳት አልነበረበትም።

የእነ አገው ፈረሰኞች ነገር ያስቀናኛል። ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ቀናቸው ጥር 23 ነው፤ በቃ፣ አይንቀሳቀስም። የእኛ ከተማ ግን በጨረቃም በፀሐይም የምትኖር ነው የሚመስለኝ።

ከዳማው ፈረስ በኋላ ሌላው ዓለም ይሄን እንዴት ያደርገዋል ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በተለይ ብሪታንያን። 59 የውድድር ሜዳ አላቸው። በዓመት ከ1,400 በላይ የውድድር ቀን ያካሂዳሉ። የሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራም ዓመቱ ከመግባቱ ወራት ቀድሞ ይወጣል። እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። የጆኪ ክለብ የሚባለው በ1750 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የባለፈረሶች ክለብ ነበር። ፈረስ ያላቸው ሰዎች የፈረሱን ሕግ እያወጡ ከ200 ዓመት በላይ ቆዩ። በ1993 አስተዳደሩን ለሌላ ቦርድ አስረከቡ። ሕግ ማስከበሩን ደግሞ እስከ 2006 ይዘው ቆዩ። በ2007 ሁለቱም ሥራ በአንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሥር ገባ። ዛሬ ዳኛውን የሚመድበው ይሄው ባለሥልጣን እንጂ ባለሜዳው ወይም ባለፈረሱ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2019 የፈረስ ጉንፋን ሲገባ ባለሥልጣኑ በመላ ሀገሪቱ ውድድሩን ለስድስት ቀን ዘጋው። ይሄን ሳነብ የገባኝ ነገር አለ። እኔ ቀን አውጥቻለሁ፤ ግን «ዛሬ አይሮጥም» የሚል ሰው አላስቀመጥኩም።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ሦስት ሰው መምረጥ ነው። መስፈርቱ አንድ ብቻ፦ ፈረስ የሌለው፣ ዘመዱም የማይወዳደር። አንደኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሁለተኛዋ ሻይ ቤት ያላት እናት ናት፤ ሁሉም ሰው ዕዳ ስላለበት ይፈራታል። ሦስተኛው ድሮ ጋሪ ይነዱ የነበሩ አባት ናቸው፤ ፈረስ ሲያነክስ ከሩቅ ይለዩታል። እኔ ረቂቁን አዘጋጃለሁ፣ እነሱ ያጸድቃሉ። ከአስጀማሪነትም ከዳኝነትም ወጣሁ።

ከዚያ ነጥቡን ቀየርን። ይሄ ነው ትልቁ። ከስምንቱ ዙር የሚቆጠረው የተሻለው አራት ብቻ ሆነ። በሁለት ውድድር መካከል ቢያንስ 14 ቀን ዕረፍት ግድ ነው። እያንዳንዱ ፈረስ በደብተሩ አንድ ገጽ አለው፤ ስም፣ መልክ፣ የሮጠበት ቀን፣ ያነከሰበት ቀን። ምዝገባ ረቡዕ ማታ ይዘጋል። የመጨረሻው ስም ዝርዝር ዓርብ ማታ ይወጣል። ይሄን ከብሪታንያዎቹ ነው የወሰድኩት፤ እነሱም ከአምስት ስድስት ቀን በፊት ያስመዘግባሉ፣ ከዚያ ለመሮጥ የቆረጠውን ብቻ እንደገና ያጸናሉ። ጥቅሙ ሳንቸኩል ፈረሱን ለማየት ጊዜ ማግኘታችን ነው። እሁድ ጠዋት እያንዳንዱ ፈረስ ደረቅ መሬት ላይ ሶምሶማ ይላል። አናቱን ከፍ ዝቅ ካደረገ ይወጣል።

ሰዓቱም አከራክሮን ነበር። ጠዋት ቅዳሴ አለ። ከሰዓት በኋላ በርጫ ከተያዘ ማንም አይነሳም። የቀረችን ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ያለችው ናት፤ እሷን ያዝን። ብሪታንያም በ2024 እ.ኤ.አ. ከቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሁለት ሰዓት ጊዜ ለታላላቆቹ ውድድሮች ለይታ ነበር።

ከሁሉ የከበደው መሰረዝ ነው። አንድ እሁድ ሌሊቱን ዘነበ። አባትየው ዱላቸውን ሜዳው ላይ ተከሉት፤ ሲነቅሉት ጭቃ ይዞ ወጣ። ትንሽ ሄደው ደግመው ተከሉ። አሁንም ጭቃ። ዞር ብለው «ይቁም» አሉ። ሰው ተንጫጫ። ከድሬዳዋ የመጣው ባለፈረስ የአይሱዙ ኪራይ ማን ይከፍለኛል ብሎ ተቆጣ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ነው የመጣው። እኛም ጥፋት ነበረብን፤ ሜዳውን ማየት የነበረብን ቅዳሜ ነው። አሁን ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ይታያል። ካጠራጠረ ፈረሱ መኪና ላይ ሳይወጣ ማታውኑ ድሬ ይደወላል። መጠባበቂያ ቀንም ጨምረናል፤ ከስምንቱ ዙር ላይ ሁለት ባዶ እሁድ።

ዳማው ፈረስ ሁለት ወር አረፈ። ሣር ላይ ተለቆ ነበር። ባለቤቱ በኋላ መጥተው «ገጹን አሳየኝ» አሉኝ። ደብተሩን ገልጬ አሳየኋቸው። ሦስቱን ተከታታይ እሁድ በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

የዘንድሮውን ፕሮግራም አሁን ጨርሼዋለሁ። በአንድ ሰሌዳ ላይ የእኛ ቀን፣ የሒጅራው ቀንና የገበያው ቀን ጎን ለጎን ተጽፈዋል። የቁልቢ ሳምንት ባዶ ነው። ሌላውን ሁሉ በስክሪብቶ ጻፍኩ። ሸዋል ኢድን ግን በእርሳስ ነው የጻፍኩት፤ ጨረቃዋ እስክትታይ።